የደኅናው እጅ እስር

«እውነቴን ነው የምልህ፣ ታስረዋለች። ጠዋት ደኅና እጁን ጠፍራ ትወጣለች፣ የምትፈታው ከሥራ ስትመለስ ነው። ውሻ እንኳ እንዲህ አይታሰርም። ወንድምህን በሕይወት ማየት ከፈለግህ ዛሬውኑ በምሳ ሰዓት ሽማግሌ ይዘህ ድረስለት።»

የውብዳር ይህን የሰማችው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የባሏን የካሣን ሸሚዝ ስትቆልፍ ነው። ተናጋሪዋ ይመኙሻል ናት፣ ከግድግዳው ወዲያ ለመኪና ሹፌሮች ምሳ እያበሰለች የምትሸጠው ጎረቤቷ። በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ የሚሰማት ደግሞ አለምሰገድ፣ የካሣ ታናሽ ወንድም፤ እሱም ሹፌር ነው፣ ትናንት ጭነት ሊያነሳ ከአዲስ አበባ ገብቶ መኪናውን ከከተማው ዳር ካለው የጭነት መኪና ማቆሚያ፣ ፒኬ ዱዝ ያቆመ። እነሱ በሚኖሩበት የወደቡ ከተማ ሰፈር፣ ካርቲየ ሰባት ቢስ ውስጥ፣ ግድግዳ የሚባለው ጣውላና ቆርቆሮ ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ ከአልጋህ ሳትወርድ ይማርህ ትላለህ። ይመኙሻል ይህን ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፣ እንድትሰማት ነው። ፊት ለፊት መጥቶ «ለምን ታስሪዋለሽ?» ብሎ መጠየቅ ወኔ ይፈልጋል፤ በስልክ ግን፣ ያውም ከአንድ ጣውላ ጀርባ ሆኖ፣ ሰውን ገዳይ ማድረግ አይከብድም።

ካሣም ሰማ። የካሣ ጆሮ ምንም አልሆነም፣ አእምሮውም ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ቃሉና ቀኝ ጎኑ ነው። ይህን ግን ለማን ትነግራለህ? አፍ የማይመልስ ሰው ፊት ሁሉም እንደ ግድግዳ ፊት ነው የሚያወራው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከአዲስ አበባ ወደዚህ ወደብ በሚወስደው መስመር መኪና ነድቷል። ከሰባት ወር በፊት፣ ከዲኪል እልፍ እንዳለ፣ ግማሽ አካሉ በድንገት ሲከዳው በቀረችው አንድ እጁ መሪውን አጥብቆ ይዞ አርባ ቶን ስኳር ሳይገለብጥ ከመንገድ ዳር ያቆመ ሰው ነው። ሆስፒታል ሃያ ቀን ተኛ። ሲወጣ አንድ ሐኪም፣ ወረቀት ላይ እየፈረመ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት፣ «እስከ ስድስት ወር የተመለሰለት ተመለሰለት፣ ከዚያ በኋላ ግን ያው ነው» አላት። ያቺን ቃል ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያዛት።

ከዚያ የጀመረው የሰው ደግነት ነው። ደግነት ስል በምሬት ነው። ሊጠይቀው የመጣ ሁሉ አጎረሰው። ሹፌሮቹ አጎረሱት፣ የጽዋ ማኅበሯ ሴቶች አጎረሱት፣ ስሙን በወጉ የማያውቅ ሰው ሳይቀር «በሞቴ፣ አንዴ ብቻ» እያለ አጎረሰው። ጺሙን ላጩለት፣ ቁልፉን ቆለፉለት፣ ጫማውን አጠለቁለት። አንድ ነገር ሊል አፉን ሲያላቅቅ «ውሃ ነው፣ ውሃ ፈልጎ ነው» ብለው ጨረሱለት፤ ካሣም ውሃውን ጠጣ፣ ምን ያድርግ። እንዲህ ሲሆን ሲሆን ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ተጋድሞ ቀረ። አንዳንዴ በር ሲዘጋበት እንኳ ዞር ብሎ አያየውም ነበር፤ ጣቱ ተቀርቅሮ የውብዳር ናት ጮኻ የምታወጣለት። እጁን ረሳው። ማንም ክፉ ሰው አላስረሳውም፣ የሚወዱት ናቸው እየተጋገዙ ያስረሱት።

የውብዳር ነገሩን የተማረችው ሐኪም ፊት ተቀምጣ አይደለም። የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ፣ በሠራተኝነት ከምትውልበት ባሕሩን ከሚያይ ቪላ ውስጥ፣ ፎጣና ሳፋ ይዛ ቆማ ነው። የቪላው እመቤት ሐምዲያ ትባላለች፤ እናቷ ሐጃ ራህመት ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፣ ልክ እንደ ካሣ ቀኝ ጎናቸው የተመታ። ለእሳቸው በሳምንት ሦስት ቀን ጅብሪል የሚባል ወጣት ይመጣል፤ ኪኔ ይሉታል፣ እጅና እግርን የሚያለማምድ ባለሙያ ነው፣ ድሬዳዋ አክስቱ ዘንድ ስላደገ አማርኛው የሰፈር ልጅ አማርኛ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ጅብሪል የአሮጊቷን ደኅና እጅ ወፍራም ጓንት ውስጥ ከቶ ጠፈረው። የውብዳር ሳፋዋን ይዛ ክው አለች። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ግፍ አለ ወይ ብላ ሳምንቱን ሙሉ በሆዷ ረገመችው። ወር ሳይሞላ ሐጃ በዚያ በሞተው እጃቸው የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ ግን፣ ኮሪደር ላይ ጠብቃ፣ «ዶክተር፣ ይኼ ነገር እንዴት ነው የሆነው?» ብላ ጠየቀችው።

ጅብሪል የባሏን ሕመምና ሥራ ሲሰማ በመኪና መንገድ እየመሰለ ነው ያስረዳት። «የጋላፊን መንገድ ጎርፍ ሲቆርጠው ሹፌሮቹ ምን ያደርጋሉ? ወርደው በአሸዋው ያልፋሉ። የመጀመሪያው መኪና ይሰምጣል፣ ሁለተኛውም ይሰምጣል፣ መቶኛው ሲያልፍ መንገድ ሆኗል። ጭንቅላትም እንደዚያ ነው። የሞተው ቦታ አይነሳም፤ በጎኑ ግን ሌላ መንገድ ያወጣል። ስድስት ወር ያሉሽን ተይው፣ በመጀመሪያው ወር ይፈጥናል እንጂ ሰው እስከሚሞት ድረስ ያወጣል። ግን ካልተሄደበት አይወጣም። ደኅናው እጅ ሁሉን ከሠራለት፣ በዚያ ላይ ሰው ሁሉ ከሠራለት፣ በአሸዋው ማን ይሄዳል?» አላት። ያን ዕለት ለካሣ ቃል በቃል ነገረችው። የመንገድ ወሬ ነውና ገባው፤ ግራ እጁን ራሱ ነው የዘረጋላት። ከአሮጌ ብርድ ልብስ ጓንት ሰፋችለት፣ አንጓው ላይ አሰረችው፣ ሁለት ቆርቆሮ ከፊቱ አስቀመጠች፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሽንብራ በቀኙ እንዲያዛውር። ይኸው ስድስት ሳምንታቸው ነው። ጣቶቹ መጨበጥ ጀምረዋል፤ ክንዱ ግን ከጭኑ አንድ ስንዝር አልተነሳም። የሐጃ እጅ በወሩ ብርጭቆ ሲያነሳ የካሣ እጅ ምን ነካው? ሌት ተቀን የሚበላት ይህ ነበር።

«ሰማሃት አይደል?» አለችው ያን ጠዋት፣ የሸሚዙን የመጨረሻ ቁልፍ እየቆለፈች። ካሣ ራሱን ነቀነቀ። «ሊወስዱህ ነው የሚመጡት። ወስደው እናትህ ዘንድ ያስቀምጡሃል፤ እዚያ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ተሰልፎ ያጎርስሃል። ልሰርህ ወይስ ይቅር?» ካሣ ግድግዳውን አየ፣ ቆርቆሮዎቹን አየ፣ ግራ እጁን ሰጣት። አሰረችው። የቁርስ ዳቦውን ቀኝ እጁ ስር አኖረችለት፣ ማራገቢያውን ወደ ፊቱ አዞረች፣ መብራት ሳይጠፋ ይዋልልን ብላ ቅዱሳኑን ለመነችና ወጣች። በሩ ላይ ይመኙሻል የተላጠ ሽንኩርት በሳህን ይዛ ቆማለች። «እንዴት አደርሽ የውቤ» አለቻት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለቻት የውብዳር። እንግዲህ ጉድ በሉ፤ ያን ሁሉ ቃል አንዷ ካሰማች፣ ሌላዋ ከሰማች በኋላ ሁለቱ ሴቶች እዚያ በር ላይ ቆመው ያወሩት ስለ ሽንኩርት ነው፣ መኪና በመዘግየቱ ዋጋው እንዴት እንደ ወጣ፣ ካርቲየ ሁለት የተሻለ ይገኝ እንደሆነ። ከአንገት በላይ ተሳሳቁና ተለያዩ። የውብዳር ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

ሀራሙስ ሌላ አገር ነው። በሩ ሲከፈት ከውስጥ የሚወጣው ቀዝቃዛ አየር ዋጋው ብቻውን ከእነ የውብዳር የአንድ ወር ኪራይ ይበልጣል። የሐጃ ራህመት ክፍል ነጭ መጋረጃ፣ ነጭ አንሶላ፣ ከፈረንሳይ አገር የመጣ የሚገፋ ባለጎማ ወንበር አለው፤ የውብዳርና የካሣ ቤት ሁለት ጊዜ ይገባበታል። በሦስት ሰዓት ጅብሪል መጣ፣ የአሮጊቷን ደኅና እጅ በጓንቱ ከቶ አሰረ፣ ከፊታቸው የተቀቀለ እንቁላል ቆርጦ አስቀመጠ። ሐጃ በቀኛቸው አንዱን ቁራጭ ሲያነሱ ልጃቸው ሐምዲያ አጨበጨበች፣ በስልኳ ቀረጸች፣ ፓሪስ ላለች እህቷ ላከች። ቁራጩ አፋቸው ሳይደርስ ሲወድቅ የውብዳር ጎንበስ ብላ አነሳች፣ ወለሉን ጠረገች። ጠርጋ ቀና ስትል ደሟ ራሷ ላይ ወጣ። እዚህ ሲታሰር ሕክምና ነው፣ ፎቶ ይነሳለታል፣ ይጨበጨብለታል። ሰባት ቢስ ሲታሰር ግፍ ነው፣ ሽማግሌ ይጠራበታል። ያው እጅ፣ ያው ጓንት፣ ያው በሽታ። ልዩነቱ መጋረጃው ነው።

ጅብሪልን መኪናው ጋ ደረሰችበት። በልቧ የያዘችው አንድ ነገር ነበር፤ ዛሬ ምሳ ሰዓት መጥቶ ለአለምሰገድና ለሽማግሌው በአማርኛው እንዲያስረዳላት። ለካሣ የምታደርገውን ሁሉ ነገረችው። ጅብሪል መጀመሪያ ፈገግ አለ፣ «ጎበዝ ነሽ እኮ፣ ዐይተሽ ብቻ?» አላት። ከዚያ እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ቁልፉን ከኪሱ እየፈለገ፣ «በቀን ለስንት ሰዓት ነው የምታስሪው?» አለ።

«ከአሥራ ሁለት እስከ ዘጠኝ። ከዚህ እስክመለስ።»

ጅብሪል ቁልፉን ያዘና ቆመ። «ዘጠኝ ሰዓት? ብቻውን?»

«ታዲያ ማን ይቀመጥለት? እኔ እዚህ ነኝ።»

«የውብዳር፣ የሐጃ ሦስት ሰዓት ነው። ሰው አጠገባቸው ተቀምጦ፣ እያናገራቸው፣ ሲደክማቸው እያሳረፋቸው። ከሦስት ሰዓት በኋላ እኮ እፈታዋለሁ። አላየሽም?»

አላየችም። ሲታሰር ሳፋ ይዛ አጠገቡ ናት፤ ሲፈታ ኩሽና ናት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ግማሹን ብቻ ነው ያየችው። ጅብሪል ቀስ ብሎ፣ እንዳይከፋት እየተጠነቀቀ፣ ሰው ብቻውን ታስሮ ሲውል የሚማረው እጁን መጥላት ነው፣ ደክሞ ተናዶ ይተወዋል አላት። ዛሬ መምጣት አይችልም፣ ሌሎች ታማሚዎች አሉት፤ ቅዳሜ ይመጣል፣ በነጻም ይመጣል። «ቅዳሜ የት አገር እንደሚሆን በምን አውቃለሁ» አለችው። ጅብሪል አንገቱን ደፋ፣ መኪናው ውስጥ ገባ፣ ሄደ። የውብዳር አስፋልቱ ላይ ቆማ ቀረች። በማን ትናደድ? በጅብሪል? ነገራት፣ ከዚያ በላይ ምን ያድርግ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ከባሏ አጠገብ እንዳትቀመጥ ባደረጋት እንጀራዋ? በራሷ? ሁሉንም በየተራ ሞከረችው፣ ሁሉም አንጀቷን አሳረራት እንጂ አላሳረፋትም።

ፈቃድ ስትጠይቅ ሐምዲያ ከስልኳ ቀና አላለችም። የውብዳር በገበያ ሶማሊኛዋ ምክንያቷን እየተኮላተፈች ስታስረዳ ግን ሳቀች፣ «አንቺም ኪኔ ሆንሽ? ይኼ እኮ ለማንም የሚሆን ነገር አይደለም» አለች። ክፋት ኖሮባት አይደለም፤ እውነት መስሏት ነው። የውብዳር ሽርጧን ፈታች፣ አጣጥፋ ያልተተኮሰው ልብስ ላይ አኖረችው፣ ሂጂም ሳትባል ወጣች።

ሰባት ቢስ ስትደርስ ሰባት ሰዓት ሊሆን ነው። ጫቱ የገባበት ሰዓት ነው፤ መንገዱ በክላክስ ተጨናንቋል፣ ሰው ሁሉ እሽጉን ታቅፎ ወደ ቤቱ ይሮጣል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በራፏ ላይ ታክሲ ቆሟል፣ ሹፌሩ ጉንጩን ወጥሮ ይቅማል። ደጃፉ ላይ የማታውቃቸው ጫማዎች ተደርድረዋል። ገባች። አለምሰገድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ እግሩ ስር የካሣ ልብስ የታጨቀበት ሻንጣ አለ። ብቸኛው ወንበር ላይ ጋሽ ሽብሩ ናቸው፤ ወደብ ላይ ጭነት ሲያወርዱ ያረጁ፣ እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ሲጣላ ሲጋባ የሚጠሩ፣ ዐይናቸው ደከም ያለ ሰው። ካሣ አልጋው ላይ ተቀምጧል፣ ታጥቧል፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፣ ግራ እጁ ተፈትቷል። ይመኙሻል ፊቱ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ታጎርሰዋለች።

የውብዳር ያየችው አጎራረሷን ነው። ይመኙሻል አትጠይቀውም፣ አትጠብቀውም፣ እጇ ሳይደርስ የካሣ አፍ ይከፈታል። የአንድ ቀን ነገር አይደለም ይኼ። ሁለት ሰዎች እንዲህ የሚግባቡት በየቀኑ ሲያደርጉት ነው።

«ስንት ጊዜሽ ነው?» አለቻት፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

ይመኙሻል አልደነገጠችም። «በየቀኑ ነው። ታዲያ ይሙትልሽ? ምሳ ሰዓት እመጣለሁ፣ እፈታዋለሁ፣ አብልቼ አጠጥቼ መልሼ አስረዋለሁ፣ አንቺ እንዳትቆጪው ብዬ። እህል ፊቱ እያለ መብላት አቅቶት ሲያለቅስ ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንቺ አላየሽውም።»

እዚህ ላይ ሰው ይፍረድ። ካሣ ጠዋቱን ሙሉ ብቻውን ይታገላል፣ ይደክመዋል፣ ይናደዳል፤ ልክ ርሃቡ ጠንቶ እጁ የግዱን ሊነሳ ሲል ደግሞ የይመኙሻል እጅ ትደርሳለች። መከራውን በሙሉ አየ፣ ትምህርቱን ግን አላገኘም። የውብዳር ነገሩ ሁሉ አሁን ገና ገባት። ስድስት ሳምንት ሙሉ ክንዱ ያልተነሳው በአንድ በኩል በእሷ ጥፋት፣ በሌላ በኩል በይመኙሻል ደግነት መሆኑን ስታስብ ማንን ቀድማ እንደምትመታ ጠፋት።

«ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «አስረሽዋል ወይስ አላሰርሽውም?»

«አስሬዋለሁ፣ ጋሽ ሽብሩ።» ቆማ ነው የመለሰችው። የሀራሙሷን አሮጊት ነገረቻቸው፣ ጓንቱን ነገረቻቸው፣ ስለ አሸዋው መንገድ ነገረቻቸው። ስትናገር ራሷንም አላሳመናት፤ በዚያ ጠባብ ክፍል፣ በዚያ ሙቀት፣ ሻንጣው መሐል ወለል ላይ ቁጭ ብሎ፣ የሀብታም ቤት ወሬ ተረት ተረት ነው የሚመስለው። ጋሽ ሽብሩ ከዘራቸውን ያሻሉ። አለምሰገድ መሬት መሬት ያያል። ወንድሙን እንደሚወድ የውብዳር ታውቃለች፤ ካሣ ነው መኪና ያስተማረው፣ በበረሃ መንገድ ላይ ከወባ ያተረፈው ካሣ ነው። ለዚህ ነው ሊያሸንፋት የሚችለው። ክፉ ቢሆን ይቀላት ነበር።

«ስድስት ወር ካለፈ አይመለስም ተብሏል» አለ አለምሰገድ በመጨረሻ፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ሰምተሻል፣ ሰምቻለሁ። እናታችን አለች። እዚያ የሚያጎርሰው አያጣም።»

«እሱን ነው የምፈራው።»

«ምን ዓይነት ሴት ነሽ አንቺ?»

«ጠይቁት» አለች የውብዳር።

«ማንን?»

«ካሣን ነዋ። ሰባት ወር ሙሉ ልብላ፣ ልሂድ፣ ልቅር ብሎ ማን ጠየቀው?»

አለምሰገድ በደከመ ድምፅ፣ «ምን ብሎ ይመልስልሻል? ልቡና የለውም እኮ» አለ። ይህን ያለው ካሣ ፊት ነው፣ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ካሣ ዐይኑን ጨፈነ። ጋሽ ሽብሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሚስትም ወንድምም እንዳይቀየሙ እያሽሞነሞኑ፣ ለጊዜው፣ ሙቀቱ እስኪያልፍ፣ እናቱ ዘንድ ይክረም አሉ። ለጊዜው የሚሉት ነገር ለዘላለም መሆኑን እዚያ ቤት ውስጥ ያላወቀ የለም። አለምሰገድ ሻንጣውን አነሳ። ውጪ ታክሲው ክላክሱን ነፋ።

የውብዳር ካሣ ፊት ተንበረከከች። ልትለምን አይደለም። ከጅብሪል የሰማችውን ሳትነግረው ከሄደ ዕድሜ ልኳን እንደማይለቃት ታወቃት። ከሽማግሌው ደብቃዋለች፣ እንዳይፈርዱባት። እሱን ግን መደበቅ አልቻለችም።

«ካሣ፣ እየኝ። ዐይንህን ክፈት። ያሰርኩህ ትክክል ነው፣ አሁንም ትክክል ነው። ሰዓቱን ግን አጥፍቻለሁ። ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚታሰረው። ሰውም አጠገብህ መቀመጥ ነበረበት። ዛሬ ነው የነገሩኝ። እኔ ዘጠኝ ሰዓት ብቻህን አስሬህ ስወጣ ኖርኩ። የቀረውን በከንቱ ነው ያሰቃየሁህ።»

«ይኸው» አለ አለምሰገድ፣ «ከራሷ አፍ።»

ካሣ ዐይኑን ከፈተ። ግንባሩ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ተንሻፈፈ፣ ከጉሮሮው ቃል ያልሆነ ድምፅ ወጣ። ስድስት ሳምንት ያጠራቀመው ነገር ፊቱ ላይ መጣ፤ ብቻውን የዋለባቸው ጠዋቶች፣ መሬት የተበተነው ሽንብራ፣ ከአፉ አንድ ክንድ ርቆ የደረቀው ዳቦ። የውብዳር ይህን ሁሉ አነበበችው፣ ዐይኗንም አልሰበረችም። መጀመሪያ ትከሻው ነው የተነቃነቀው። ከዚያ ክርኑ ከጎኑ ተላቀቀ። ከዚያ ያ ጭኑ ላይ የተጋደመው እጅ፣ ጣቶቹን እንደ ጨበጠ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ እየተንገዳገደ፣ ተነስቶ መጣና ደረቷ ላይ፣ ከአንገቷ ዝቅ ብሎ፣ መታት።

ሕፃን የገፋት ያህል ነው። ይመኙሻል ሳህኗን እንደያዘች አፏ ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ ሽብሩ አንገታቸውን አስግገው በዚያ በደከመ ዐይናቸው አዩ፣ ያመለጣቸው ነገር እንዳለ ገብቷቸዋል፤ «በየትኛው እጁ ነው የመታት?» አሉ። «በየትኛው እጁ ነው እላለሁ?»

«በቀኙ» አለ አለምሰገድ። ሻንጣው ከእጁ ወርዷል፣ መቼ እንዳወረደው አላወቀም።

የውብዳር ታለቅሳለች ያለ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የመጣባት ቁጣ ነው፣ ሰባት ወር ያሳደረችው፤ በወረቀት ፈራሚው ሐኪም፣ በአጎራሹ ሁሉ፣ በሀራሙስ ጭብጨባ፣ በራሷ ግማሽ ዕውቀት። ወደ ፊት ተጠጋች፣ እንዲደርስባት። «ድገም» አለችው። ካሣ እጁ ተመልሶ ጭኑ ላይ ወድቆ ያለከልካል። «ድገም እንጂ። ይኼ ብቻ ነው ያለብኝ? የስድስት ሳምንት ነው እኮ። ዕዳዬን አትማረኝ፣ ድገም።» ላቡ በአዲሱ ሸሚዝ ላይ ተንጠባጠበ። ትከሻው ተነቃነቀ፣ ክርኑ ተላቀቀ፣ እጁ መጣ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ ነበር፤ የውብዳርን ወደ ኋላ ገፋትና በመዳፏ መሬት ተደገፈች።

ታክሲው ደግሞ ነፋ። አለምሰገድ ወደ በሩ ሄደ፣ ለሹፌሩ አንድ ነገር አለው፣ የሞተሩ ድምፅ ራቀ። ሲመለስ አልጋው ላይ አልተቀመጠም፣ ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው፣ ከወንድሙ እግር ስር። የውብዳር ወደ ይመኙሻል ዞረች። ይህችን ሴት ዛሬ ጠዋት በእጇ ብታገኛት ታንቃት ነበር፤ አሁንም አልበረደላትም። ግን ቀኑን ሙሉ ሰባት ቢስ የምትውለው፣ ካሣ ሲያለቅስ የምታየው፣ በየቀኑ የምትደርስለት እሷ ብቻ ናት። «ከነገ ጀምሮ ሦስት ሰዓት» አለቻት፣ ጥርሷን ነክሳ። «አጠገቡ የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ታወሪለታለሽ፣ ትሰድቢዋለሽ፣ እንደፈለግሽ። እጅሽን ግን ታጥፊያለሽ።» ይመኙሻል፣ «እኔ እኮ አንጀቴ አልችል ብሎ ነው» አለች። «አውቃለሁ» አለች የውብዳር፣ «አንጀትሽን ቻዪው።»

ይህን ሲነጋገሩ የካሣ እጅ ለሦስተኛ ጊዜ ከጭኑ ተነስቷል፣ ማንም ድገም ሳይለው። ወደ የውብዳር አልሄደም። ይመኙሻል ጭን ላይ ወዳለው ሳህን ነው የሄደው። ጠርዙን ነካ፣ አዳለጠው፣ ተመለሰ፣ የቀረችውን ቁራሽ እንጀራ ሦስት ጣቶቹ ውስጥ ከወጧ ጋር ጨበጣት። ማንሳት ጀመረ። ጋሽ ሽብሩ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ጎንበስ ብለዋል። እጁ ደረቱ ድረስ ደረሰ፣ እዚያ ላይ ተንቀጠቀጠ፣ ቁራሿ አመለጠችውና አዲሱ ሸሚዝ ላይ ወደቀች። ይመኙሻል ልታነሳለት እጇን ሰደደች።

አለምሰገድ ክንዷን ያዘ።

«ተዪው» አላት። «ራሱ ያነሳዋል።»